ኦተር ለማየትና ፎቶ ለማንሳት ምን ይዘን እንሂድ? ከስልክ እስከ 600 ሚሊሜትር ሌንስ፣ ጅማ ላይ ሆነን ስናወዳድረው

ባለፈው ወር ብቻ ሦስት ሰው በተለያየ ቀን ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ፣ "ኦተር ፎቶ ለማንሳት ምን ልግዛ?" አንዱ የካምፓስ ተማሪ ነው፣ ያለው ስልኩ ብቻ። አንዷ አስተማሪ ናት፣ እቁብ ሊደርሳት አንድ ዙር ነው የቀራት። ሦስተኛው ጅማ ፈረንጅ አራዳ ሰፈር ስቱዲዮ ያለው ሰርግ ሚያነሳ ልጅ ነው፣ ካሜራም ሌንስም አለው ግን 600 ሚሊሜትር ካልገዛሁ ብሎ ተነስቷል። ለሦስቱም የመለስኩላቸው የተለያየ ነው፣ እንደውም ሁለቱን ሊገዙ ያሰቡትን እንዳይገዙ ነው የነገርኳቸው፣ ስለዚ አንዴ ልጻፈውና ሌላም ሰው ካለ ያንብበው።

ኦተር ስል ማለቴ ወንዝና ሐይቅ ዳር ሚኖረውን፣ ቡናማ ፀጉር፣ ነጣ ያለ ጉሮሮና ወፍራም ጅራት ያለውን ዋናተኛ አውሬ ነው። ኢትዮጵያ ውስጥ ሁለት አይነት አለ። አንዱ ጥፍር አልባው ነው፣ ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ ከ1 ሜትር በላይ ይሆናል፣ ክብደቱ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ገደማ፣ የፊት እግሩ ጣቶች ጥፍር የላቸውም፣ እንደ ሰው እጅ ድንጋይ ስር እየዳበሰ ሸርጣን ያወጣል። ሌላኛው አንገቱ ላይ ነጠብጣብ ያለው አነስ ያለው ነው፣ 5 ኪሎ ገደማ፣ እሱ ዓሣ በአይኑ እያየ ነው ሚያሳድደው ስለዚ ጥርት ያለ ውሃና የቀን ብርሃን ይፈልጋል። ሁለቱም በዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት መዝገብ ላይ ለስጋት ከተቃረቡት ተርታ ናቸው።

እኔ ስጠብቀው የከረምኩት ጥፍር አልባውን ነው፣ ከታች ያለው ሁሉ በሱ ልክ የተሰፋ ነው። እሱ ደሞ ሰው ባለበት አካባቢ ሲነጋጋና ሲመሻሽ ነው ሚወጣው፣ ጥላ ያለበት ጥልቀት የሌለው ውሃ ውስጥ። ይሄን በደንብ ያዙት፣ ምክንያቱም ዕቃ ሻጩ ሚያሳያችሁ ናሙና ፎቶ በሙሉ በ6 ሰዓት ፀሐይ የተነሳ ነው።

ያየሁበትን ወንዝ ስም አልጽፍም፣ አትጠይቁኝ። አንዴ ለአንድ ጓደኛዬ ነግሬው በሁለተኛው ሳምንት ስድስት ሆነው፣ ስፒከር ይዘው፣ ውሻ አስከትለው ሄዱ። ከዛ በኋላ ሁለት ወር ሙሉ እዛ ድንጋይ ላይ ምንም አልነበረም።

መጀመሪያ በምን እንመዝን

ብዙ ሰው "ስንት ዙም አለው" ብሎ ነው ሚጀምረው። እኔ ዙምን ሦስተኛ ነው ማስቀምጠው።

አንደኛ ድምፅ። ኦተር ማሽተቱም መስማቱም ጥሩ ነው። የመጀመሪያው ካሜራዬ ውስጡ መስታወት እየተነሳ ሚወርድበት አይነት ነበር፣ ሱቅ ውስጥ ስትሞክሩት ድምፁ ምንም አይመስልም፣ እንደውም ደስ ይላል፣ ወንዝ ዳር ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ግን በር እንደመዝጋት ነው። አንድ "ቀጭ"፣ ራሱን ቀና አድርጎ አየኝ፣ ሁለተኛ "ቀጭ"፣ ውሃው ላይ የቀረው ቀለበት ብቻ። ያን ቀን አራት ሰዓት ጠብቄ ያገኘሁት ሁለት ፎቶ ነው፣ አንዱ ላይ ጀርባው አለ፣ አንዱ ላይ ቀለበቱ አለ።

ሁለተኛ ብርሃን። በጥር ጅማ ላይ ፀሐይ ምትወጣው 1 ሰዓት ሊሆን ትንሽ ሲቀረው ነው፣ በጫካ ውስጥ ያለ ወንዝ ጋ ደሞ ብርሃኑ እስኪደርስ ሌላ ግማሽ ሰዓት ጨምሩበት። በዛ ሰዓት ኤፍ 6.3 ሚከፍት ሌንስ (የኤፍ ቁጥሩ ሲያንስ ሚያስገባው ብርሃን ይበዛል) ይዛችሁ በሰከንድ 250ኛ ላንሳ ካላችሁ አይኤስኦው (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት፣ ሲጨምር ፎቶው ይሻክራል) 4000 እና 6400 ውስጥ ይገባል። ትልቅ ሴንሰር (ውስጡ ብርሃኑን ሚቀበለው ክፍል) ያለው ካሜራ ይሄን ይችለዋል፣ ትንሽ ሴንሰር ያለው ፎቶውን አሸዋ የተበተነበት ያስመስለዋል።

ሦስተኛ ርቀት። እዚህ ጋ ግምት አያስፈልግም፣ ሒሳቡ ቀላል ነው። የቆማችሁበትን ርቀት በሜትር በ36 አባዙና ለሌንሱ ሚሊሜትር አካፍሉ፣ ፎቶው በስፋት ስንት ሜትር እንደሚይዝ ይነግራችኋል። ሚሊሜትሩ በሙሉ ፍሬም (36 ሚሊሜትር ስፋት ባለው ትልቅ ሴንሰር) ልክ የተቆጠረ መሆን አለበት፣ አነስ ያለ ሴንሰር ያላቸው የተለመዱት ካሜራዎች ላይ በ1.5 ታባዙታላችሁ። ለምሳሌ 30 ሜትር ላይ ሆናችሁ 300 ሚሊሜትር ሌንስ በዚህ አይነት ካሜራ ላይ 450 ይሆናል፣ ስለዚ 30 ሲባዛ በ36 ሲካፈል ለ450፣ 2 ሜትር ከ40። 1 ሜትር ከ20 ሚሆን ኦተር ጎኑን ሰጥቶ ድንጋይ ላይ ቢቆም የፎቶውን ግማሽ ይሞላል ማለት ነው፣ ይሄ ደሞ ለግድግዳም ለፌስቡክም ይበቃል። ውሃ ውስጥ ጭንቅላቱ ብቻ ከታየ ግን ያው የቡና ፍሬ ነው ሚያህለው።

አራተኛ እርጥበት። አዲስ አበባ ያለ ሰው ይሄን አይጽፍላችሁም። ጅማ ክረምቱ ረዥም ነው፣ ሌንስ ሻንጣ ውስጥ ተዘግቶ ከከረመ ፈንገስ ያበቅላል፣ መስታወቱ ውስጥ እንደ ሸረሪት ድር ሆኖ ይታያል። እኔ አንድ 300 ሚሊሜትር ሌንስ ከሰኔ እስከ መስከረም ቁምሳጥን ውስጥ አስቀምጬ በመስቀል ሰሞን ሳወጣው ድሩ ከዳር እስከ መሃል ደርሶ ነበር። አሁን ክዳኑ ጥብቅ በሚል የፕላስቲክ የምግብ ዕቃ ውስጥ ከጫማ ካርቶን በሰበሰብኩት ሲሊካ ጄል (እርጥበት ሚመጠው ፍሬ) ነው ማስቀምጠው፣ ከዛ ወዲህ ደህና ነው።

አምስተኛ ሸክምና የሰው አይን። በባጃጅ እስከ አስፓልቱ መጨረሻ፣ ከዛ በጨለማ በእግር፣ ጭቃ። 4 ኪሎ ዕቃ 1 ሰዓት ተሸክሞ መሄድ ሌላ ነገር ነው። ሰውም አለ። ትራይፖድ (የካሜራ ማቆሚያ ሦስት እግር) ስትተክሉ ገበሬው ሚያስበው ኦተር አደለም፣ መሬት ልትለኩ ነው። አንድ አባባ ከማሳቸው ወጥተው ትከሻዬ ላይ ቆሙና "ልጄ፣ ቀያሽ ነህ እንዴ?" አሉኝ። "አይ አባባ፣ ውሃ ውስጥ ያለውን አውሬ ነው" ስላቸው ትንሽ ዝም ብለው ቀኝ እጃቸውን ዘርግተው ጣቶቻቸውን አየር ላይ እንደሚዳብስ ሰው አንቀሳቀሱ። "ይሄን ሚያደርገውን?" በቃ፣ ከዛ ቀን ጀምሮ የት እንደዋለ ሚነግሩኝ እሳቸው ናቸው፣ ከየትኛውም ሌንስ በላይ ነው የጠቀሙኝ።

ስለ ዋጋ ቁጥር አልጽፍም። ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ዛሬ የጻፍኩት ዋጋ በወሩ ውሸት ይሆናል። ደረጃውን ብቻ ነው ምናገረው፣ ከ1 እስከ 5፣ 1 ርካሹ።

አማራጮቹ አንድ በአንድ

*ስልክ ብቻ።* የስልኩ ዋና ካሜራ ወደ 26 ሚሊሜትር ነው፣ 30 ሜትር ላይ ሆናችሁ ከ40 ሜትር በላይ ስፋት ይይዛል፣ ወንዙን ዛፉን ሰማዩን ሁሉ፣ ኦተሩ ነጥብ ነው። 3 እጥፍ ዙም ያለውም ቢሆን 14 ሜትር ገደማ ነው። ስክሪኑን በጣት እየጎተታችሁ ማጉላት ዙም አደለም፣ ያንኑ ነጥብ ማስፋት ነው። ስለዚ ስልክ ብቻውን ለኦተር አይሆንም፣ ዱካ፣ ኩስ፣ የሸርጣን ቅርፊት ለማንሳት ግን አንደኛ ነው፣ ድምፁን ካጠፋችሁት።

*ባይኖኩላር ከስልክ ጋር።* ለብዙ ሰው ምመክረው ይሄን ነው፣ ሰው ግን ሲሰማው ቅር ይለዋል ምክንያቱም ካሜራ አደለም። ግን አስቡት፣ ከአራት ሰዓት ጥበቃ ውስጥ ፎቶ ምታነሱት ምናልባት ሁለት ደቂቃ ነው፣ ቀሪውን ምታደርጉት ማየት ነው። ያለ ባይኖኩላር ኦተሩ መጥቶ ሄዶ አታውቁም። ስትገዙ ቁጥሩን እዩ። 8 በ42 ማለት 8 እጥፍ ያቀርባል የፊት መስታወቱ ስፋት 42 ሚሊሜትር ነው፣ 42ን ለ8 ስታካፍሉ 5 ገደማ ይመጣል፣ ይሄ ቁጥር ከፍ ሲል በጨለምለም የበለጠ ታያላችሁ። ገበያ ላይ ሚበዛው ኪስ ውስጥ ሚገባው 10 በ25 ነው፣ እሱ 2.5 ብቻ ነው፣ ቀን ለስታዲየም እሺ፣ ጎህ ላይ ግን ጥቁር ነው። "ባለ 50 እጥፍ" ሚል ሰልባጅ ካያችሁ ደሞ ዝም ብላችሁ እለፉት።

ስልኩን ባይኖኩላሩ አይን ላይ ሚያስር ማያያዣ አለ፣ ከፕላስቲክ የተሰራ ርካሽ ነገር። 8 እጥፍ ከ26 ሚሊሜትር ስልክ ጋር 200 ሚሊሜትር ገደማ ይሆናል፣ 30 ሜትር ላይ ወደ 5 ሜትር ስፋት። ፎቶው ዳር ዳሩ ይጠቁራል፣ ጥራቱም ያው ነው፣ ቪዲዮ ግን ሚገርም ነው ሚወጣው በተለይ ባይኖኩላሩን ድንጋይ ላይ ወይም ከረጢት ላይ ካሳረፋችሁት። ሁሉም ነገር ድምፅ የለውም፣ ኪስና አንገት ላይ ያልቃል፣ ቀያሽም አትመስሉም።

*ዙም ካሜራ።* ሌንሱ ማይነቀለው፣ 65 እጥፍ 83 እጥፍ ተብሎ ሚሸጠው። አስተማሪዋ ልትገዛ ያሰበችው ይሄን ነበር። ርቀት ላይ ማንም አይደርስበትም፣ ጫፍ ላይ 1365 ወይም 2000 ሚሊሜትር ልክ ይደርሳል፣ 2000ው 30 ሜትር ላይ ግማሽ ሜትር ስፋት ብቻ ነው ሚይዘው፣ የኦተሩን ፂም ትቆጥራላችሁ። ድምፁም ይጠፋል። ችግሩ ሴንሰሩ ነው፣ ከተለመደው ዲኤስኤልአር (ያ መስታወት ያለው ካሜራ) ሴንሰር ወርዱ በቁመቱ ተባዝቶ ሲታይ ከ10 እጥፍ በላይ ያንሳል፣ ጫፍ ላይ ደሞ ሌንሱ ኤፍ 6.5 ምናምን ነው ሚከፍተው። ስለዚ ከላይ ያልኳችሁ የጎህ ብርሃን ላይ በቃ አይሆንም፣ ፎከስም ይጠፋበታል፣ ወደፊት ወደኋላ ይላል፣ እስኪይዝ ኦተሩ ጠልቋል። ሌላው ደሞ 2000 ላይ ሆናችሁ ኦተሩን ፍሬም ውስጥ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው፣ በገለባ ቀዳዳ ዝንብ እንደመፈለግ።

ግን ዙም ካሜራ መጥፎ ነው አላልኩም። ከጠዋቱ 2 ሰዓት በኋላ ፀሐይ ውሃው ላይ ካረፈች ሌላ ካሜራ ነው ሚሆነው። ቦዬ ረግረግ ሄዳችሁ ጉማሬና ወፍ ለማንሳት፣ ወይም ነጠብጣባሙን ኦተር ክፍት ውሃ ላይ በቀን ለመጠበቅ ከሆነ፣ በዋጋው ሚወዳደረው የለም። አንድ ዕቃ፣ አንድ ባትሪ፣ ሌንስ ቅያሪ የለ፣ አቧራ አይገባም።

*ያገለገለ ካሜራና 70–300 ሌንስ።* እኔ ያለሁት እዚህ ላይ ነው። ዲኤስኤልአር ዋጋው የወረደው ብዙ ሰው ወደ ሚረርለስ (መስታወት አልባው ካሜራ) እየሄደ ስለሆነ ነው፣ የሱ መሄድ ለኛ ጥሩ ሆነልን። በሒሳቡ እንዳየነው 30 ሜትር ላይ 2 ሜትር ከ40 ይሰጣችኋል፣ ሴንሰሩ ትልቅ ስለሆነ ጎህ ላይ ይሠራል። የድምፁ ነገር ግን አለ፣ መስታወቱ። ብዙዎቹ ካሜራ ላይ ዝም ያለ ሞድ አለ ትንሽ ይቀንሰዋል፣ እኔ ደሞ ከካሜራው ላይ ወፍራም የአንገት ልብስ እጠቀልላለሁ፣ ሲያዩኝ ይስቃሉ። ሚረርለስ ብትገዙ በኤሌክትሮኒክ ሻተር ጭራሽ ድምፅ የለውም፣ ገንዘቡ ካላችሁ ለኦተር ሲባል ብቻ ይሄ ልዩነት ዋጋ አለው እላለሁ።

ያገለገለ ስትገዙ ሌንሱን አውጥታችሁ በስልክ ባትሪ ብርሃን ከኋላ አብሩበት፣ ድር ወይም ጉም መሳይ ነገር ካያችሁ መልሱ። ሻተር ካውንቱን (ካሜራው እስካሁን ስንት ፎቶ እንዳነሳ) ጠይቁ። ባትሪው ሙሉ ነው ብሎ ካሳያችሁ ሃምሳ ፎቶ እዛው አንሱና እንደገና እዩት። እኔ ይሄን ሳላደርግ የገዛሁት አንድ ካሜራ ነበር፣ ጅማ እስክደርስ ባትሪው ሁለቴ ሞተ፣ 350 ኪሎሜትር ተመልሶ ለመቀየር ማን ይሄዳል።

*የሰርግ ዕቃ፣ 70–200 ኤፍ 2.8።* ይሄን ማንም አማራጭ ውስጥ አያስገባውም፣ እኔ ግን የሰርግ ፎቶ አንሺውን ልጅ ያስቆምኩት በዚህ ነው። ሌንሱ አለው። ኤፍ 2.8 ከኤፍ 6.3 ጋር ሲወዳደር 5 እጥፍ ብርሃን ያስገባል፣ ስለዚ ሌላው 6400 አይኤስኦ ላይ ሲያቃስት እሱ 1250 ላይ ነው። ርቀቱ አጭር ነው፣ አነስ ያለ ሴንሰር ላይ 30 ሜትር ላይ 3 ሜትር ከ60 ይይዛል፣ ሙሉ ፍሬም ላይ 5 ሜትር ከ40፣ ግን ኦተሩን ከነወንዙ፣ ከነጭጋጉ፣ ከነድንጋዩ ያሳያል፣ እኔ በግሌ ከፂም ፎቶ ይልቅ ይሄ ነው ሚማርከኝ። ሌንሱ ለሌላቸው ደሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ በሁዳዴና በረመዳን ሰርግ የለም፣ ሌንሱ ቁጭ ብሎ ነው ሚውለው፣ ያን ጊዜ ሄዳችሁ ብትከራዩ ዋጋውም ፊቱም ይለያል። ወቅቱ ደሞ ሰሞኑን እንደሚውለው ከሆነ በጋ ላይ ነው፣ ውሃው ጎድሎ ጥርት ያለበት።

*150–600።* ትልቁ። 600ው በተለመደው ካሜራ ላይ 900 ልክ ይሆናል፣ 30 ሜትር ላይ 1 ሜትር ከ20፣ ኦተሩ ከዳር እስከ ዳር። ሌንሱ ብቻ 2 ኪሎ ገደማ ነው፣ ትራይፖድ ይፈልጋል፣ ትራይፖድ ሸክም ይፈልጋል፣ ቀያሽነታችሁም ይረጋገጣል። ኤፍ 6.3 ነው ጫፍ ላይ፣ ስለዚ ጎህ ላይ ካሜራው ጥሩ መሆን አለበት። ለማን ነው? ወፍም ሚያነሳ፣ ወንዙ ሰፊ የሆነበት፣ ወይም እንደ ግልገል ጊቤ ያለ ግድብ ሐይቅ ዳር ሚቀመጥ ሰው ከሆነ ትርጉም አለው፣ ከ60 ሜትር በታች መቅረብ ስለማይቻል። (ወደ ግድቡ ግንባታ ግን ይሄን ሌንስ አታዙሩ፣ ትርፉ ማብራሪያ መስጠት ነው።) በጠባብ ወንዝ ላይ፣ ማዶው 15 ሜትር በሆነበት፣ 600 ሚሊሜትር የኦተር ጆሮ ፎቶ ነው ሚሰጣችሁ።

*ካሜራ ትራፕ።* እንቅስቃሴ ሲያይ ራሱ ሚያነሳው፣ ዛፍ ላይ ሚታሰረው። በወረቀት ላይ ምርጥ ነው፣ እናንተ ቤት ተኝታችሁ እሱ ይጠብቃል። ለኦተር ግን አንድ ድብቅ ችግር አለው፣ ሴንሰሩ ሚነሳው በሙቀት ልዩነት ነው፣ የኦተር ፀጉር ደሞ በጣም ጥቅጥቅ ያለ ስለሆነ ሙቀት አያስወጣም፣ ከውሃ እንደወጣ ሰውነቱ ላዩ ቀዝቃዛ ነው፣ ሴንሰሩ ሳያየው ያልፋል። እኔ አንድ ሳምንት ሙሉ ትቼው 340 ፋይል አገኘሁ፣ ጦጣ፣ ቅጠል፣ ላም፣ ሽንት የሚሸና ልጅ፣ ኦተር አንድ፣ እሱም ጅራቱ። ከዛ ኩሱን ሚጥልበት ድንጋይ ላይ፣ ቆሞ ሚቆይበት ቦታ፣ በ2 ሜትር ርቀት አስጠግቼ፣ ሴንሲቲቪቲውን ከፍ አድርጌ በቪዲዮ ሳደርገው ተሻሻለ። የሌሊት መብራቱ 940 ናኖሜትር የሆነውን ፈልጉ፣ 850ው ሲበራ ቀይ ነጥብ ይታያል። ስምንት የባትሪ ድንጋይ ሚበላው ብዙ ነው፣ ርካሹ ድንጋይ ደሞ እርጥበት ሲነካው አፍስሶ ዕቃውን ያበላሸዋል።

እና ከሁሉም በላይ ይሄ ነው፣ ወንዝ ማለት ሴቶች ልብስ ሚያጥቡበት፣ ሰው ገላውን ሚታጠብበት ነው። እዛ ላይ ካሜራ ደብቆ መሄድ አይቻልም። የሰፈሩን ሽማግሌ ሳታስፈቅዱ፣ ካሜራው የት እንዳለና ምን እንደሚያይ ሳታሳዩ እንዳትሞክሩት። ሲሰረቅ ደሞ አትገረሙ።

ባንድ ላይ ሲታይ

| አማራጭ | ድምፅ | ጎህ ላይ | በ30 ሜትር ሚይዘው ስፋት | ሸክም | ወጪ ከ5 |
|---|---|---|---|---|---|
| ስልክ ብቻ | የለውም | ደካማ | 14–41 ሜትር | የለም | 0 (ካላችሁ) |
| ባይኖኩላር 8 በ42 ከስልክ | የለውም | ለማየት ጥሩ፣ ለፎቶ መካከለኛ | 5 ሜትር | ቀላል | 1 |
| ዙም ካሜራ | ይጠፋል | ደካማ | 0.5–0.8 ሜትር (ጫፍ ላይ) | መካከለኛ | 3 |
| ያገለገለ ዲኤስኤልአርና 70–300 | አለ | ጥሩ | 2.4 ሜትር | መካከለኛ | 3 |
| 70–200 ኤፍ 2.8 (ኪራይ ወይም ያላችሁ) | እንደ ካሜራው | በጣም ጥሩ | 3.6–5.4 ሜትር | ይከብዳል | 2 ኪራይ፣ 5 ግዢ |
| 150–600 | እንደ ካሜራው | እንደ ካሜራው | 1.2 ሜትር | በጣም ይከብዳል | 5 |
| ካሜራ ትራፕ | የለውም | በመብራቱ ይሠራል | ከ2–3 ሜትር ነው ሚሠራው | ቀላል፣ ጣጣው ብዙ | 2 |

ለማን የትኛው

ለተማሪው፣ ባይኖኩላሩን ግዛ፣ ማያያዣውን ጨምር፣ አንድ ዓመት በሱ ሥራ። ደብተር ያዝ፣ ቀን፣ ሰዓት፣ ነፋስ ከየት ነው ሚነፍሰው፣ ምን አየህ። በዓመቱ መጨረሻ ኦተሩ በስንት ሰዓት በየት በኩል እንደሚያልፍ ካወቅክ የዛኔ የተበደርከው ካሜራም ፎቶ ያወጣል። ሳታውቅ ከገዛህ ግን የቅጠል ፎቶ ነው ሚሆነው።

ለአስተማሪዋ፣ እቁቡ ሲደርስሽ ዙም ካሜራውን ሳይሆን ያገለገለውን ካሜራና 70–300 ውሰጂ፣ ቅዳሜ ጠዋት ብቻ ስለሆነ ምትሄጂው ያችን የጎህ ሰዓት ማባከን የለብሽም። ልጆቿን ይዛ ቦዬ መሄድ ስለምትወድ ዙም ካሜራው አጓጉቷት ነበር፣ እሱም ልክ ነው፣ ዋና ዓላማዋ ወፍና ጉማሬ ቢሆን ኖሮ ያንኑ ነበር ምላት። ጉማሬ ላይ ግን አንድ ቃል፣ ሌሊት ሣር ሲግጥ አድሮ ወደ ውሃው ሚመለሰው በዛችው በጎህ ሰዓት ነው፣ በሱና በውሃው መሃል መቆም ማለት መንገዱን መዝጋት ነው። ቦዬ ላይ ፀሐይ ሳትወጣ ዳር አትቀመጡ።

ለሰርግ ፎቶ አንሺው፣ ምንም አትግዛ ወንድሜ። ገንዘቡን ለትራንስፖርትና ለቦቲ ጫማ አድርገው። ካሜራህን ዝም ያለ ሞድ ላይ አድርግ፣ ፍላሽ፣ የፎከስ መብራት፣ ቢፕ ሚለውን ሁሉ አጥፋ፣ 70–200ህን ይዘህ ና።

ምርምር ምትሠሩ ወይም ሌሊት ምን እንደሚሆን ማወቅ ምትፈልጉ ከሆነ ብቻ ትራፕ። 600ውን ደሞ ወፍ ምታነሱ ከሆነ ግዙት፣ ለኦተር ብቻ ብላችሁ አትግዙት።

ከዕቃው ውጪ ያለው

መቀመጫ። ሳልቀልድ ነው፣ ሰው 600 ሚሊሜትር ገዝቶ ድንጋይ ላይ ይቀመጥና በ40 ደቂቃው ይነቃነቃል፣ መነቃነቅ ደሞ ያባርራል። የኛ የጅማ በርጩማ፣ ያ ከአንድ ግንድ ሚፈለፈለው ባለ ሦስት እግሩ፣ ለዚህ ሥራ የተሠራ ነው ሚመስለው፣ ሦስት እግር ወጣ ገባ መሬት ላይ አይንገዳገድም፣ ዝቅ ያለ ስለሆነ ቁጥቋጦው ይሸፍናችኋል። የታጠፈ የብረት ወንበር ግን ሲጥጥ ይላል። ለሌንሱ ማሳረፊያ ጆንያ ሰፍቼ መጀመሪያ በቆሎ ሞላሁት፣ አይጥ በላው። አሁን የቡና ገለፈት ነው፣ ቀላል ነው፣ ማንም አይበላውም።

ቦታ ስትመርጡ ከውሃው ጀምሩ። ድንጋያማ፣ ጥልቀት የሌለው፣ ሸርጣን ያለበት ውሃ ነው ሚፈለገው። የእሸት ቡና መፈልፈያ ካለበት ወንዝ ከሆነ ከመፈልፈያው በላይ ያለውን ክፍል ሂዱ፣ ከመስከረም መጨረሻ እስከ ታህሳስ ከታች ያለው ውሃ በፍሳሹ ምክንያት ኦክሲጅኑ ያልቃል፣ ሽታው ራሱ ይነግራችኋል፣ ሸርጣንና ዓሣ በሌለበት ኦተር አይውልም። በዛ ወራት ጫካውም በቡና ለቃሚ ይሞላል፣ ለኔ ጥሩው ከጥር እስከ የካቲት ነው። ክረምት ላይ ውሃው ማኪያቶ ይመስላል፣ እኔ አልሄድም። በምንም ወር ቢሆን ግን ባዶ እግራችሁን ውሃ ውስጥ አትግቡ፣ ቢልሃርዚያ አለ።

የሙጭልጭላን ኩስ ከኦተር አትቀላቅሉ፣ ረግረግ ሚወደው ሙጭልጭላም ሸርጣን ይበላል። ልዩነቱ ዱካው ላይ ነው፣ የሙጭልጭላው ጥፍር ጭቃው ላይ ነጥብ ነጥብ ይላል፣ የጥፍር አልባው ኦተር የፊት እጅ ግን አምስት ጣት ብቻ ነው፣ ልጅ መዳፉን ያሳረፈ ነው ሚመስለው። እሱን ካገኛችሁ ነፋሱ ከውሃው ወደናንተ ሚነፍስበት በኩል፣ ከጀርባችሁ ዛፍ ወይም ቁጥቋጦ አድርጋችሁ ተቀመጡ፣ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተኩል በፊት። ሲመጣ መጀመሪያ ምታዩት እሱን አደለም፣ ውሃው ላይ ተከታትሎ ሚሄድ የአረፋ መስመር ነው። ያኔ ካሜራውን ለማንሳት አትቸኩሉ፣ መጀመሪያውኑ ጆንያው ላይ፣ ወደ ድንጋዩ ዞሮ መቀመጥ ነበረበት።